ጠፍጣፋው ድንጋይ ወዲያና ወዲህ

ያ ነገር በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ቁርጡን ልነግራችሁ አልችልም። ያውቅ የነበረው አባቴ ነው፤ እሱም አፈር ከሆነ ቆየ። እኔ የማስታውሰው የፊት ጥርሶቼ ረግፈው ገና እንዳልበቀሉና እናቴ በዚያው ክረምት እንደሞተች ነው። ጭቃው መድረቅ ጀምሯል፤ ጤፉ ግን አልታጨደም። በዚያ መሀል ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ረስቼው ነበር አልልም። የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ዝም ብዬ ይዤው ኖርኩ እንጂ። ያስነሣችብኝ የልጅ ልጄ ሶስና ናት፤ ባለፈው እሑድ።

እኛ የምንኖረው ሜልቦርን፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ ፎቁ ላይ ነው። ከከተማው ወዲያ፣ በባሕሩ በኩል ያሉ አይሁዶች በየዓመቱ መናፈሻ ውስጥ የሙዚቃ ቀን አላቸው። ዘንድሮ የየሰፈሩን ተማሪዎች ጠርተው አንድ የዕብራይስጥ መዝሙር አብረዋቸው እንዲዘምሩ አደረጉ። መጀመሪያውን ብቻዋን የምታወጣው የኔዋ ሶስና ናት። ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ስታንጎራጉረው ስለከረመች፣ ከታችኛው ፎቅ ያሉት የሱማሌ እናት “ማሻአላህ፣ ቁርአን ጀመረች እንዴ?” ብለው እናቷን ጠየቋት። እናቷ ሺፍት ስለነበረባት እኔ በትራም ይዣት ሄድኩ።

ቀኑ የሜልቦርን ቀን ነው፤ ፀሐይ ወጣ ትላለች፣ ወዲያው ካፊያ ያባርራታል። ሰዉ ግን ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ከዛፍ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ዛፍ ይመላለሳል እንጂ ወደ ቤቱ አይልም። አንድ ክላሪኔት የሚነፋ ሽማግሌ አለ፤ እሪ ብሎ ሲያለቅስ ቆይቶ በዚያው ትንፋሽ ይስቃል። አሮጊቶች ካገራቸው ይዘውት በመጡት የአያቶቻቸው ቋንቋ እየዘፈኑ በጉልበታቸው ላይ ያጨበጭባሉ። ድንች ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል። ከመጥበሻው አጠገብ ልጆች ከሸክላ ጭቃ የሻማ ማስቀመጫ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ነበር። የርጥብ ሸክላው ሽታ ገና ስንገባ አፍንጫዬን ያዘው። ቆም አልኩ። “አባባ፣ ና እንጂ!” ብላ ጎተተችኝ።

መድረኩ ሥር ጢሙ የረዘመ፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ሰው እንግዶቹን ይቀበላል። ሶስና ፈጠን ብላ እጇን ዘረጋችለት። ሰውየው ፈገግ አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ “ዌልካም፣ ዌልካም” አላት። እጇን ግን አልጨበጣትም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ተመልሳ መጣችና አጠገቤ ዱብ አለች። “አባባ፣ እንሂድ። እኔ አልዘፍንም።”

“ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?”

“አላየህም? ጥቁር ስለሆንኩ ነው።”

“ከፊታችን የገባችውን ባለ ቀይ ፀጉር አስተማሪም አልጨበጣትም፤ አይቻለሁ።”

“ታዲያ ሴት ስለሆንን ነው? እሱማ ይብሳል!”

እውነቷን ነው። “እሱን እኔ አልፈርድም” አልኳት። “ግን እጅ የማይሰጥ ሁሉ የሚንቅሽ እንዳይመስልሽ። እኔን በልጅነቴ አንድ ሰሞን ሙሉ የማይነካኝ ሰው ነው ያሳደገኝ።”

ዕንባዋን ጠረገች። “የማይነካ ሰው እንዴት አድርጎ ያሳድጋል?”

“ቁጭ በይ” አልኳት። ተራዋ እስኪደርስ ባጭር ባጭሩ ነገርኳት። እዚህ ግን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አገራችን ጎንደር ዙሪያ ነው። አባቴ ሸክላ በአህያ እየጫነ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ሸክላውን የሚገዛው ከቤተ እስራኤሎች መንደር፣ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ነበር። ቤተ እስራኤሎች በኦሪት የሚያምኑ የአገራችን አይሁዶች ናቸው። ሰዉ ያኔ በሌላ ስም ነው የሚጠራቸው፤ ስለማይወዱት አልጽፈውም። ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ቡዳ ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይባልባቸዋል። ማረሻውን የሚሠሩለት እነሱ፣ ድስቱን የሚሠሩለት እነሱ፤ ወሬው ግን ይኸው ነበር።

እናቴን የገደላት ተስቦ ነው። አባቴ ቆላ ወርዶ ካልነገደ የምንበላው የለም፤ እኔን ደግሞ የሚይዝለት ዘመድ ፈለገ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ “ወንድም ዓለም፣ ልጆች አሉኝ፤ ተስቦ ከገባበት ቤት እንዴት ብዬ . . .” አለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሊወስደኝ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሁሉም ተንጫጩ።

“ልጅህን ለቡዳ አሳልፈህ ልትሰጥ ነው?”

“እናንተማ ተቀበላችሁኝ!” አለና አህያዋ ላይ አወጣኝ።

ስንደርስ ሴትዮዋ ግቢዋ ውስጥ ጭቃ ታቦካለች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በሸክላ አመድ የመሰለ። አባቴ “እቴቴ” ስለሚላት እኔም እቴቴ አልኳት።

“እቴቴ፣ እናቱ ሞታበታለች። ኅዳር ሳይወጣ እመለሳለሁ” አላት።

“ሰው እንደምበላ አልነገሩህም?” አለችው እየሳቀች።

“ነግረውኛል። ይኸ እንደሆነ አጥንት ብቻ ነው፤ አይጠቅምሽም።”

ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቀና ሄደ። እኔ አልሳቅሁም።

ያደርኩባት ጎጆ ሸክላ የሚደርቅባት፣ ከአጥሯ ወጣ ያለች ትንሽ ቤት ነበረች። በጎጆዋና በእቴቴ ግቢ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ምግቤን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጥና ወደኋላ ትላለች። እኔ እወስዳለሁ። የምበላባትን ወጭት አዲስ ሠርታ “ይቺ ያንተ ብቻ ናት” አለችኝ። ድንጋዩን እሷ ወደኔ አታልፈውም፤ እኔም ወደሷ እንዳላልፈው ነገረችኝ።

የመጀመሪያውን ሰሞን ጅራቷን ስፈልግ ነው ያሳለፍኩት። ዞር ባለች ቁጥር ከቀሚሷ ኋላ አያለሁ። አንድ ቀን ነቃችብኝና “ምን ጠፋህ?” አለችኝ። “ምንም” አልኩ። “ካገኘኸው ንገረኝ፤ እኔም ስፈልገው ኖሬያለሁ” አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ጅብ አለመሆኗን ካመንኩ በኋላ ግን የባሰ ፍርሃት መጣብኝ። ለምን አትነካኝም? የመንደሩ ልጆችም ስጠጋቸው እየሳቁ ዘለው ይሸሻሉ። እሾህ እግሬን የወጋኝ ቀን፣ እቴቴ ድንጋዩ ወዲያ ተንበርክካ፣ “ከሥሩ ገፋ አድርገው . . . እንደሱ! አይዞህ . . . አሁን ሳበው” እያለች አስነቀለችኝ። እሾሁን ስነቅል እሷ ነበር ከንፈሯን የነከሰችው። ታዲያ ይህን ያህል ካዘነችልኝ ለምን መጥታ አትነቅልልኝም? የአክስቴ ነጠላ ትዝ አለኝ። ገባኝ አልኩ፤ እናቴን የገደላት ነገር ላዬ ላይ አለ። የሚነካኝ ይሞታል። እቴቴ ይህን እያወቀች ነው ያስጠጋችኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ ስለሷ የምፈራው። የምግቡን ወጭት ድንጋዩ ላይ ስመልስ በቅጠል ጠርጌ ነበር የምመልሰው።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ሆዴ ውስጥ እያለ ቀኑ ግን ደስ ይል ነበር። እቴቴ አንድ ጉማጅ ጭቃ ድንጋዩ ላይ ትጥልልኛለች። እሷ ማዶ ሆና ጣቶቿን ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች፣ እኔ ወዲህ ሆኜ እከተላለሁ። ወፍ ሠርታ ታስቀምጣለች፤ ወፍ ሠርቼ አጠገቧ አስቀምጣለሁ። “ያንተዋ ወፍ ጎመን በልታለች መሰል፣ ሆዷ ተነፋ” ትላለች። ሸክላው በኩበት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ፣ የርጥቡ ጭቃ ሽታ፣ ከጸሎት ቤታቸው የሚመጣው ዜማ። ዜማው ከኛ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር የአክስት ልጅ ይመስላል። ስታቦካ በእግሯ ትረግጣለች፣ ስትረግጥ ታዜማለች፤ ድምጿ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁትን ቅዳሜ ልንገራችሁ። ስነቃ መንደሩ ጭጭ ብሏል። የመዶሻ ድምፅ የለም። ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም። በቃ፣ ሁሉም ሞተዋል፤ የኔ ተስቦ ፈጃቸው። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። እቴቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ክንዷ ከሸክላ ጠርቶ፣ እየሮጠች ወጣች።

“ምን ነካህ?”

“አልሞትሽም?”

“በሰንበት? በሰንበትማ መሞትም ሥራ ነው!” አለችኝ። ሰንበታቸው ቅዳሜ እንደሆነ፣ እሳት እንደማያነዱ የዚያን ቀን አወቅሁ። የፈራሁትን ግን አልነገርኳትም።

እንዲህ እያልን ኅዳር ገባ፤ የስግድ በዓል ደረሰ። ስግድ የሚሉት ከየመንደሩ ተሰብስበው፣ ጾመው፣ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ላይ የሚጸልዩበት ቀን ነው። ሲጨርሱ በከበሮና በዘፈን ወርደው አብረው ይበላሉ። እቴቴ ሌላውን ሁሉ ትታ የምታወራው ስለዚያ ቀን ብቻ ሆነ። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ማሬ የምትባል፤ ሩቅ ስሜን ተድራ ከሄደች ወዲህ አላየቻትም። ማሬ ወልዳለች። ከባሏ ሰዎች ጋር በወዲያኛው ፊት ወጥታ ተራራው ላይ እንደምታገኛት፣ ሕፃኑንም እንደምታሳያት መልእክት ልካላታለች። የባሏ ሰዎች መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንደበሉ ይመለሳሉ። እቴቴ ያላት ያቺው ቀን ናት።

“ስትጸልዩ ምን ትላላችሁ?” ብዬ ጠይቄያት ነበር።

“ኢየሩሳሌም አድርሰን እንላለን።”

“ኢየሩሳሌም የት ነው?”

አገጯን ወደ ተራራው በኩል ከፍ አደረገችና፣ “በዚያ በኩል፣ ራቅ ይላል” አለች።

የስግድ ዕለት ጠዋት እቴቴ ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ እሷ ጾመኛ ሆና የኔን ቁርስ ድንጋዩ ላይ አኖረች። “ከዚህ እንዳትነቃነቅ። ስመጣ ትልቁን ዳቦ ይዤልህ እመጣለሁ” ብላ ሄደች። ቀሳውስቱ ባለ ቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ኦሪቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊት ይሄዳል፤ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ እንደ በዓሉ ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ ይከተላል። መንደሩ ባዶ ሆነ።

እኔ ያንን ሳይ አንድ ነገር ነው የገባኝ። መጽሐፋቸውን ይዘዋል፣ ክታቸውን ለብሰዋል፣ ሽማግሌ አልቀረ፣ ሕፃን አልቀረ። ኢየሩሳሌም ከተራራው ጀርባ ናት፤ እየሄዱ ነው። እኔን እዚህ ጥለውኝ። ድንጋይ ካልያዙ የማያስገቡ መስሎኝ አንድ ድንጋይ ታቅፌ ሮጥኩ። በአቋራጭ ልቀድማቸው ብዬ ሸክላ በሚቆፈርበት በኩል ዞርኩ። ክረምቱ ጉድጓዱን ሞልቶት ነበር።

መንሸራተቴን አላስታውስም። ጭቃው እስከ ደረቴ እንደያዘኝ፣ ስንፈራገጥም ወደታች እንደሚስበኝ ነው የማስታውሰው። “እቴቴ!” ብዬ ጮህኩ። ለኔ ቁርስ ስታቀርብ ከሰዉ ኋላ ቀርታ ስለነበር ሰማችኝ። ጎረቤቷም አብራት ተመለሰች።

እቴቴ መጀመሪያ የዘረጋችልኝ በትሯን ነው። ያዝኩት፤ እጄ ጭቃ ነውና አመለጠኝ። እንደገና ዘረጋች፤ እንደገና አመለጠኝ። ውሃው አገጬ ደረሰ።

“ተይ!” አለች ጎረቤቷ፤ “ሮጬ ክርስቲያኖቹን ከእርሻው ልጥራ። ብትነኪው ተራራ መውጣት የለም እኮ! ልጅሽ እዚያ ሆና ትጠብቅሻለች!”

እቴቴ ወደ ተራራው አየች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በነጭ ልብሷ በሆዷ ተኛችና እጄን አንጓው ላይ ያዘችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴ ሌላ የነካኝ የመጀመሪያው እጅ ነው፤ ሻካራ ነበር፤ ሙቅ ነበር።

ዳር ላይ እንዳወጣችኝ ከእጇ ለማምለጥ ታገልኩ። “ልቀቂኝ! ትሞቻለሽ!” አልኳት።

“ማን ነው የሚሞተው?”

“ተስቦው . . . ላዬ ላይ ነው። ለዚህ አይደል የማትነኪኝ?”

አፏ ተከፈተ። “እኔን!” አለች፤ “ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ይዘህ ነው ድንጋዩ ወዲያ የተቀመጥከው?” ጭቃውን ከዓይኔ በጣቷ ጠረገችልኝ። “ስማ። ከወገኔ ውጭ የሆነ ሰው ከነካኝ ታጥቤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሰው እለያለሁ፤ ሕጋችን ነው። ንጉሥም ቢመጣ አልነካውም። ካንተ የሚጋባ ነገር የለም፤ ገባህ?”

ጎረቤቷ ራቅ ብላ ቆማ ታለቅሳለች። “ሂጂ፣ ለማሬ ንገሪልኝ” አለቻት እቴቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። “እንግዲህ ውሃው ለአንድ ጣትም ለሙሉ ገላም ያው ነው። ና!” ብላ አቀፈችኝ።

ቀኑን ሙሉ ጎጆዋ ደጃፍ፣ ከድንጋዩ በኔ ወገን፣ ጭኗ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ጭቃውን አጠበችልኝ፤ ፀጉሬን ቀመለችኝ፤ ጥፍሬን ቆረጠችልኝ። ያጠራቀመችውን ሥራ ሁሉ ባንድ ቀን የምትጨርስ ይመስል ነበር። አላለቀሰችም። ዓይኗ ግን ከተራራው አልተነሣም።

ከቀትር በኋላ ከበሮው ተሰማ። ቃጭሉ ተከተለ። ሕዝቡ እየዘፈነ መውረድ ጀመረ። እቴቴ ተነሥታ ቆመች፤ እጄን እንደያዘች በዚያች በምትሰነጠቅ ድምጿ ከታች ሆና ተቀበለቻቸው። ብቻዋን ነው የምትዘፍነው። ያን ጊዜ ከሰልፉ አንዲት ወጣት ተነጥላ ቁልቁል ትሮጥ ጀመር፤ ሕፃን አዝላለች።

ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማሬ ናት። እናቷ በኔ ወገን፣ እሷ በዚያ ወገን። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

“ወንድ ነው” አለች።

“አያለሁ። አፍንጫው የአባትሽ ነው” አለች እቴቴ። እጇ እጄን አጥብቆ ያዘ።

“ማሬ! መንገዱ!” ብለው አማቷ ከላይ ተጣሩ።

“ሂጂ ልጄ፤ ሕግ ነው። አየሁሽ እኮ” አለቻት።

ማሬ እናቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋዩን ተሻገረች። “ወንዙ ለሁላችንም ይበቃል” አለችና እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሕፃኑ መሀላቸው ተጣብቆ ይጮኻል፤ እኔም ከቀሚሳቸው መሀል መውጫ አጣሁ።

አማቷ ሽማግሌው ደረሱ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ትልቅ ዳቦ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና፣ “እንግዲህ ነገ ነው የምንሄደው። ረኃብ ግን እስከ ማታ አይጠብቅም፤ ብሉ” ብለው ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዝ ወረዱ፤ እኔ ዳር ተቀመጥኩ። እኔን ከላያቸው ሲያጥቡ እያየሁ ነበር። ምንም አላዘንኩም። ሲመለሱ ድንጋዩ እንደገና በመሀላችን ሆነ፤ አባቴ መጥቶ እስኪወስደኝም እዚያው ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲያ ለኔ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ነግሬ ስጨርስ ሶስናን አየኋት። “አባባ፣ ተራዬ ደርሷል” አለችና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደች። ባለ ጥቁር ኮፍያው ሰውዬ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። እሱም ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ጎንበስ አለላት። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥታ መዝሙሩን አወጣችው። ካፊያ ነበር፤ የተነሣ ሰው ግን አላየሁም።

ሰውየው ድንች ጥብስ በሰሃን ይዞልኝ መጣ፤ አጠገቤ ተቀምጦ የኔን እጅ ጨበጠ። እንግሊዝኛዬ የሐኪም ቤትና የትራም ነው፤ እንደምንም ተግባባን።

“የልጅ ልጅህ ናት? ከየት ናችሁ?”

“ከኢትዮጵያ። ከጎንደር።”

ፊቱ በራ። “እዚያ ወገኖቻችን ነበሩ። የምታውቀው ሰው አለ?”

“አንዲት ሴት አውቃለሁ” አልኩት።

“ማን ትባላለች?”

ያን ሰሞን ሙሉ እቴቴ ብቻ ነበር የምላት። ስሟን የሰማሁት ጎረቤቷ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆና፣ “ተይ!” ከማለቷ በፊት ስትጠራት ነው። ክላሪኔቱ እስኪያርፍ ጠበቅሁ፤ እንዲሰማልኝ ፈልጌ።

“ይርገዱ” አልኩት። “ይርገዱ ትባላለች።”